ማቆም ሳይሆን መተካት

ደሴ ውስጥ በሰኞ ገበያ ዙሪያ ባሉት የመድኃኒት መደብሮች ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፤ «ልጄን አስቀምጦታል፣ ማቆሚያ ስጡኝ» የሚል። ጠያቂዋ አንዳንዴ ከኩታበር ገጠር ሕፃኗን አዝላ የመጣች እናት ናት፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሥራ ሲመለስ ጎራ ያለ የከተማ አባት ነው። የሁለቱም ፍላጎት ግን አንድ ነው፤ ተቅማጡን ቀጥ የሚያደርግ እንክብል ወይም ሽሮፕ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቅ ስትቀይር ያደረች እናት ከፊቷ የሚታያት የሚወጣው ነገር ብቻ ነውና። ሆኖም የራሴን ልጆች ካሳደግሁ፣ በዘመድ አዝማድ ቤትም ብዙ ሕፃናትን ካስታመምሁ በኋላ አጥብቄ የማምነው አንድ ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ ለሚታከም ተቅማጥ ትክክለኛው ጥያቄ «በምን ላቁመው?» ሳይሆን «የወጣውን በምን ልተካው?» የሚለው ነው።

ትንሽ ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጠው ከተቅማጡ ጋር የሚሄደው ውሃና ጨው ነው። የሕፃን ሰውነት አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ በመሆኑም መጠባበቂያ የለውም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ ሊትር ፈሳሽ ቢያጣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን አጣ ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ከዚህ በላይ ያለውን ደረጃ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ይሉታል፤ እዚያ የደረሰ ልጅ ሕይወቱ በሰዓታት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። አንድ ሊትር ማለት በየሱቁ የምናየው የአንድ ሊትሩ ሃይላንድ የሚይዘው ውሃ ነው። ትልቅ ሰው ያንኑ ያህል ቢያጣ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል፣ ተነሥቶ ይጠጣል፤ ሕፃኑ ግን ተነሥቶ መጠጣትም ሆነ ጠማኝ ብሎ መናገር አይችልም፤ ስለዚህ የእርሱን ጥም የምናውቅለት እኛ መሆን አለብን።

ተቅማጥ የሚያመጡት ተሕዋስያን ብዙ ናቸው። በሕፃናት ላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከሚያስከትሉት ዋነኞቹ አንዱ ሮታ የተባለው ቫይረስ ነው፤ ቫይረስ በመሆኑም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አንዳች አያደርገውም። በሽታው አንጀት ውሃ የመምጠጥ አቅሙን ያዳክምበታል፤ ይሁን እንጂ አንድ መንገድ ሳይዘጋ ይቀራል። ስኳርና ጨው ተመጣጥነው አብረው ሲደርሱ የአንጀት ግድግዳ ሁለቱን በአንድነት ያስገባቸዋል፤ ውሃም እነርሱን ተከትሎ ይገባል። ልክ አንዱ ያለ ሌላው ቢመጣ ደጅ የማይከፈትላቸው ሁለት ባልንጀሮች እንደማለት ነው። ጨው ለብቻው ቢሰጥ እምብዛም አይገባም፤ ስኳር ለብቻው በብዛት ሲሰጥ ደግሞ ጭራሽ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። ለዚህ ነው «ኃይል ይስጠው» ተብሎ ለታመመ ልጅ የሚገዛው ለስላሳ መጠጥና በስኳር የተሞላው ሻይ ተቅማጡን የሚያባብሰው።

ኦ አር ኤስ የምንለው፣ ለምለም በሚል የንግድ ስምም ብዙ ሰው የሚያውቀው ከረጢት በዚህ እውቀት ላይ የቆመ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ የተመጠነው አንዱ ከረጢት 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ ከተቅማጥ ጋር የሚጠፋውን ፖታሲየም የሚተካ ሌላ ጨው፣ እንዲሁም ሲትሬት ይዟል። ሰዎች ይህን ነጭ ዱቄት ይንቁታል፤ በደም ሥር የሚንጠለጠለውን «ግሉኮስ» ግን ያከብራሉ። ልጁ መጠጣት እየቻለ ሳለ «ግሉኮስ ካልተሰካለት ታከመ አልልም» ብለው ባለሙያ የሚለምኑ ወላጆችን አይቻለሁ። ታሪኩን ቢያውቁት ንቀቱ የሚቀር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1971፣ ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ወደ ሕንድ በገቡት ስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ጨውና ግሉኮስ የተበጠበጠበትን ውሃ በበርሜል እያስቀመጡ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች በአፍ እንዲያጠጧቸው አደረጉ። ቀድሞ ከ100 ሕሙማን 30 ያህል ይሞቱ በነበረበት ሥፍራ ከ100 ሕሙማን የሚሞቱት ወደ 4 ገደማ ወረዱ። ያጠጡት ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ አልነበሩም፤ እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች ጭምር ነበሩ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ኮረም ትታወሰኛለች። በ1977ቱ ረሃብ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በዚያች ከተማ መጠለያ፣ ብዙ ሕፃናት ያለቁት ረሃብ ባደከመው ሰውነታቸው ላይ ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ሌላም ወረርሽኝ ተደርቦባቸው ነበር። በወሎ አሮጊቶች ፊት ላይ ልጅ ሲያስቀምጠው የማየው ድንጋጤ ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል፤ ድንጋጤው ትክክል ነው፤ የጎደለው ድንጋጤው የሚሄድበት መንገድ ብቻ ነው።

መንገዱን በቅርብ ያየሁት ኩታበር አካባቢ በእህቴ ቤት ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጇ በክረምት ማስቀመጥና ማስታወክ ጀመረው። የወሎን ቤት ለሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን መገመት አይከብደውም፤ ጎረቤት ሁሉ መጣ። አንዷ «አላህ ያሽርልሽ» ስትል ሌላዋ «እግዜር ይማርልሽ» ትላለች፣ ቡና ይፈላል፣ ምክርም ይዘንባል። ጥርስ ሊያወጣ ነው ያሉ ነበሩ፤ የሰው ዓይን ነው ያሉ ነበሩ፤ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ግጉ ይውጣለት ያሉም ነበሩ። ይህን የማነሣው ጎረቤቶቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያ ዝናብ ጭቃ ረግጠው የመጡት ከፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን ግልጽ ሆኖ መነገር ያለበት አለ። ጥርስ ማብቀል እንዲህ ያለ ተቅማጥ አያመጣም፤ ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜ ልጁ መዳህ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት፣ ከጡት ሌላ ምግብም የሚለምድበት ወቅት በመሆኑ ነው ሁለቱ የሚገጣጠሙት። እንጥል መቁረጥና ግግ ማስወጣት ደግሞ ፈሳሽ ላጣ ሕፃን የደም መፍሰስና ቁስል ይጨምርበታል፤ አፉ ስለሚያመውም ሊያድነው የሚችለውን ብቸኛ ነገር፣ መጠጣትን፣ ያስጠላዋል።

የእህቴ አማት «ሆዱ ይረፍ» ብለው አጥሚቱን አስቁመው ነበር። ከቀበሌው ጤና ኬላ የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። የወንበሩን ጫፍ ይዛ ተቀመጠች፣ የቀረበላትን ቡና ተቀበለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የተናገረችው፤ «እማማ፣ አጥሚቱን ይስጡት፣ ጡቱም አይቋረጥበት። የሚበላው ሁሉ ባይቆይለት እንኳ የሚቀርለት አለ» አለቻቸው። እኚህ ሴት ብዙ ልጆች ያሳደጉ፣ በመንደሩም የሚከበሩ ናቸው፤ ያቺ ወጣት ግን በአክብሮት ስላናገረቻቸው «እንግዲያውስ እኔው አበላዋለሁ» ብለው ተነሡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የጠቀመው መድኃኒትን ወደ ቀበሌ በማቅረቡ ብቻ አይመስለኝም፤ የአገሩን ቋንቋና ወግ የምታውቅ ሴት በየቤቱ እንድትገባ ማድረጉም ትልቅ ነገር ነው።

የኦ አር ኤሱን አሠራርም ሠራተኛዋ እንደሚከተለው አሳየችን። እጅ በሳሙና ይታጠባል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይለካል፤ ለዚህ ከሁሉ የሚቀለው በላዩ ላይ አንድ ሊትር ተብሎ የተጻፈበት ሃይላንድ ነው፤ የግማሽ ሊትሩ ብቻ ካለ ሁለት ጊዜ ይለካበታል። ከዚያ ከረጢቱ በሙሉ ይጨመርና እስኪሟሟ ድረስ ይበጠበጣል። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ብሎ በዓይን መክፈል አይገባም፤ ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳል፣ ውሃው ከበዛም ጥቅሙ ይቀንሳል። ስኳር መጨመር፣ በወተት ወይም በለስላሳ መበጥበጥም አይፈቀድም። የተበጠበጠው ተከድኖ ይቀመጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና ሌላ ይዘጋጃል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነው ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። በእኛ ቤት መለኪያ ሲታሰብ አንድ የቡና ሲኒ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ስለሚይዝ፣ ለሕፃኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሲኒ ማለት ነው። ሲኒ በማይጠፋበት የወሎ ቤት ውስጥ ከዚህ የቀለለ መለኪያ አላውቅም። ብቻ ሲኒው በአንድ ጊዜ አይጋትም። ለትንሹ በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድና በየሁለት ደቂቃው ጠብ እያደረጉ ነው የሚሰጠው፤ ከፍ ያለው ከሲኒው እየደጋገመ ይጎነጫል። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለሆነ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ልጁ ሲያስታውክ ነው። «አልተቀበለውም» ይባልና ይቆማል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለእህቴ ያለቻት 10 ደቂቃ ያህል ታግሠሽ እንደገና ጀምሪ፣ ያኔ ግን ከቀድሞው ይልቅ ቀስ አድርጊው ነበር። እንዲያም ተደረገ። ሌሊቱን ተከፋፍለን፣ እህቴ ስትደክም እኔ፣ እኔ ስደክም ባሏ፣ ልጁን ቀና አድርገን ይዘን በማንኪያ ስንሰጠው አደርን። ሥራው ከባድ የሚሆነው አድካሚ በመሆኑ እንጂ ረቂቅ በመሆኑ አይደለም። ስለዚህም አንዲት እናት ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም ብዬ በብርቱ አምናለሁ። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ቡናውን ጠጥቶ ከመሄዱ በፊት ማንኪያውን ለአንድ ሰዓት ቢቀበላት ከብዙ ምክር ይበልጥ ይጠቅማታል። ወንዶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም፤ ማንኪያ መያዝ ለአባት አይከብደውም።

ኦ አር ኤስ በሌለበት ሌሊት ምን ይደረግ? ጡት የሚጠባ ልጅ ከወትሮው ደጋግሞ፣ በየጊዜውም ረዘም አድርጎ ይጥባ። ስድስት ወር ላለፈው ቀጠን ያለ የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት፣ የሩዝ ውሃ፣ ጨው የነካው የአትክልት ሾርባ፣ ንጹሕ ውሃም ይሰጠዋል፤ የሚያድግ ልጅ ካለባቸው የወሎ ቤቶች ከእነዚህ አንዱ የሚጠፋበት ጥቂት ነው። በስኳርና በጨው ማዘጋጀት ካስፈለገ ለአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ሁሉም በልኩ፣ አናቱ ተስተካክሎ እንጂ ተቆልሎ አይደለም። የበጠበጠው ሰው አስቀድሞ ይቅመሰው፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለው ይደፋ። ይህ ግን ከረጢቱ እስኪገኝ ድረስ ነው፤ ውስጡ ፖታሲየም የለውም፣ በልክ ስሕተትም በቀላሉ አደገኛ ይሆናል።

ምግብ መከልከልን በተመለከተ ከላይ የጠቀስሁት የእማማ ሐሳብ በብዙ ቤት ያለ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሲጾም አንጀቱ ለማገገም የሚያስፈልገውን ያጣል፤ ሲድንም ከስቶ ይድናል፤ የከሳ ልጅ ደግሞ ለሚቀጥለው ተቅማጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል፣ የለመደውን ምግብ ለስለስ አድርጎ ማብላት ይገባል። ዘይት ጠብ ያለበት ገንፎ፣ በሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ መልካም ናቸው። ስድስት ወር ያልሞላው ግን ከእናቱ ጡት፣ ከኦ አር ኤሱና በባለሙያ ከታዘዘለት በስተቀር ምንም አያስፈልገውም።

አሁን ወደ «ማቆሚያው» ልመለስ። አንጀትን በማሰር ተቅማጥ የሚያቆሙት፣ ሎፐራማይድን የመሰሉ መድኃኒቶች ለትንሽ ልጅ አይሰጡም፤ ሆድ ሊነፉ፣ ሊያደነዝዙ፣ ከዚያም የከፋ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ልጁ ያስቀመጠው ቢቀንስ እንኳ በሽታው ወጣ ማለት አይደለም። ሜትሮኒዳዞልና ቴትራሳይክሊንም እንደ ከረሜላ ከመደርደሪያ እየተነሡ የሚሰጡ አይደሉም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ኮሌራ ፀረ ባክቴሪያ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ያን የሚወስነው ግን ልጁን ያየ ባለሙያ ነው። አንድ ወላጅ ኦ አር ኤስና ዚንክ የተባለው እንክብል ብቻ ተሰጥቶት ሲመለስ «ምንም አልሰጡኝም» ሲል ስሰማ በእውነት አዝናለሁ፤ ዋናውን መድኃኒት ይዞ እየተመለሰ ነውና።

ቤት ውስጥ ማከም ማለት ግን ቤት ውስጥ ሙጭጭ ማለት አይደለም። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከወትሮው ይልቅ ከፈዘዘ ወይም ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ሌሊት ይሁን ክረምት ሳይባል ይወሰድ። ዓይኑ ሲሰረጉድ፣ እርግብግቢቱ ሲጎደጉድ፣ ሽንቱ ሲጠፋ፣ የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ሳይመለስ ሲቀር ሰውነቱ ደርቋል። የከሳ ልጅ ቆዳ በተቅማጥ ሳይሆን በክሳቱ የተነሣ ቀስ ብሎ ሊመለስ ስለሚችል፣ የልጁን ዓይን ከቀድሞው ጋር አስተያይታ የምትናገር እናት ቃሏ ሊደመጥ ይገባል። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለው፣ ተቅማጡ 14 ቀን ከደረሰ፣ ወይም ልጁ ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ከሆነ ጉዳዩ የባለሙያ ነው። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ በሰፈሩ በአንድ ጊዜ ከበዛ ደግሞ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሊሆን ስለሚችል ለጤና ኬላው ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት። መንገድ ላይ እያሉም ኦ አር ኤሱን ማጠጣት አይቋረጥም፤ ከወረኢሉ ወይም ከቦረና ቀበሌዎች ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ የሚወስደው ሰዓት ለሕፃን ረጅም ነው።

ስለ ውሃው ጥቂት ልጨምር። በገጠሩ ብዙ ቤት የሚጠጣው ከምንጭ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ የሜዳውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ ከፍታ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ማገዶ ያጠረው ቤት ውሃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ወደ ጄሪካኑ ይጨምር። እጅ መታጠብን በተመለከተ ወሎ አንድ የታደለችው ነገር አለ፤ በብዙ ቤት ለውዱእ የሚሆን ውሃ ከደጅ አይጠፋም። እዚያው አጠገብ ሳሙና ቢቀመጥ፣ ልጅ ካጸዳዱ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት ለመታጠብ የቀረን ነገር የለም። የሮታ ክትባት ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት እየተሰጠ ነው፤ የሚጀመረው ልጁ ስድስት ሳምንት ሲሞላው በመሆኑ የአራስነት ድካም እንዳያስረሳው።

የመጨረሻው ነገር ዚንክ ነው፤ በየቤቱ ተጀምሮ ሳያልቅ የሚቀረው እርሱ ነውና። 20 ሚሊ ግራሙ እንክብል በማንኪያ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ይሟሟል፤ ስድስት ወር ላልሞላው ግማሹ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሙሉው፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ቀናት ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲተው እናቶች «ድኗል» ብለው የቀረውን ያስቀምጡታል፤ የእህቴም ሐሳብ ይኸው ነበር። ዚንኩ ግን የአሁኑን ተቅማጥ ከማሳጠር አልፎ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ወራት ተመልሶ የመምጣት ዕድሉን ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅም የሚገኘው እስከ መጨረሻው ሲወሰድ ነው። ከዚያ ጋር ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው፤ ጤና ኬላ ሄዶም ይመዘን። መደብሮች ሌሊት ስለሚዘጉ፣ ጤና ኬላውም ሩቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ሁለት የኦ አር ኤስ ከረጢት ከእርጥበት ርቆ ይኑረው፤ ጊዜው ያለፈበት ወይም የተጓጎለና ቀለሙ የተለወጠ ከሆነ በሌላ ይተካ፤ ልጁን ዳግመኛ ሲያስቀምጠውም እስኪነጋ ሳይጠበቅ ከመጀመሪያው ቀጭን ሰገራ ጀምሮ ይበጥበጥለት።